28,400 ዶላር የተባለችው መኪና፦ የአንድ ቤተሰብ የግዢ ሒሳብ በሰሜን ቨርጂኒያ

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

እኛ ሰፈር ውስጥ አንድ ሰው አዲስ መኪና ይዞ ሲመጣ "ስንት ገባህ?" ይባላል። መልሱ ሁልጊዜ በወር ነው። "አምስት መቶ ምናምን።" ጠያቂውም "አይ፣ ጥሩ ነው" ብሎ ያልፋል። ዋጋውን የጠየቀም የመለሰም የለም።

ከዚህ በታች ያለው በ2025 ጸደይ በፌርፋክስ ካውንቲ የሚኖሩ ባልና ሚስት አዲስ ትንሽ ክሮስኦቨር (ከፍ ያለች የቤተሰብ መኪና) ሲገዙ የሆነው ነው። የብዙ ዘመድ አዝማድ የታክስ ወረቀት በእኔ እጅ ስለሚያልፍ ከመፈረማቸው በፊት "እስቲ እየው" ብለው የዲለሩን (የመኪና መሸጫውን) ወረቀት ላኩልኝ። ሰዎቹንም ዲለሮቹንም በስም አልጠራም። ቁጥሮቹን እንድጽፍ ግን ፈቅደውልኛል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቤተሰቡና ፍላጎታቸው

ባልየው ፓርኪንግ ውስጥ ሱፐርቫይዘር ነው። ሚስቱ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ረዳት ነርስ ናት። ሁለት ልጆች አሏቸው። የነበራቸው የ2012 ኮሮላ 140 ሺህ ማይል አልፏል። በጠዋት አልነሳም ማለት ጀምሯል።

ከፍ ያለች፣ ነዳጅ የማትበላ፣ የልጅ ወንበር ሲታሰር ወገብ የማታጎብጥ መኪና ፈለጉ። ሆንዳ ኤችአር-ቪን እና ሱባሩ ክሮስትሬክን አይተው በመጨረሻ ቶዮታ ኮሮላ ክሮስ ላይ ረጉ። ሃይብሪዱን (በነዳጅም በባትሪም የሚሠራውን) ሚስትየው ወድዳው ነበር። ግቢው ውስጥ የቆሙት ሁለቱ መኪኖች ግን በ3,400 ዶላር ይለያያሉ። እነሱ በዓመት የሚነዱት 12 ሺህ ማይል ገደማ ነው። በዚያ ማይል ሃይብሪዱ የሚቆጥበው ነዳጅ 300 ዶላር እንኳ ስለማይሞላ ተዉት።

ያገለገለ መኪናም አስበው ነበር። ሦስትና አራት ዓመት የተነዳው ተመሳሳይ መኪና ዋጋው ብዙም አልወረደም፤ የብድሩ ወለድ ደግሞ ከአዲሱ ይበልጣል። ስለዚህ አዲስ መግዛታቸውን አልተቃወምኩም።

በጀታቸው ለመኪና ጠቅላላ ወጪ በወር 750 ዶላር ነው። በእጃቸው የነበረው ጥሬ ገንዘብ ከእቁብ የወጣ 3,000 ዶላር ነው።

አራት ቦታ የተከፈለው ወረቀት

ዲለሩ ጋ የተቀበላቸው የአገር ልጅ ነው። "ጋሼ፣ እኔ እያለሁ ምን ያሳስብዎታል?" አለ። ልጁ ክፉ አይደለም። የሚከፈለው ከሽያጭ ኮሚሽን ነው፣ ሥራው ነው። ነገር ግን የብድር ወለዱን የሚጨርሰው እሱ ሳይሆን ከኋላ ያለው የፋይናንስ ክፍል ነው። "የኛው ልጅ ነው፣ አይጎዳንም" ማለት እዚያ ክፍል ውስጥ አይሠራም።

ሻጩ ነጭ ወረቀት አወጣና በወፍራም ማርከር መስቀል ሠርቶ አራት ቦታ ከፈለው። አንዱ ሳጥን የመኪናዋ ዋጋ ነው። አንዱ ለአሮጌው ኮሮላ የሚሰጧቸው። አንዱ ቅድሚያ ክፍያው። የመጨረሻው የወር ክፍያ። በመጨረሻው ሳጥን ውስጥ 537 ጽፎ ሁለት ጊዜ ከበበው። ባልየው "በዛ" ሲል የሌሎቹን ሳጥኖች ቁጥር አልነካም። "72 ወር የነበረውን 84 እናድርገው" አለ። ወረቀቱ የተሠራው ለዚህ ነው። አንዱን ሳጥን ስትጫነው ሌላው ይነፋል፤ ገዢው ግን ዓይኑ የተከበበው ላይ ነው።

ሌላም ግፊት ነበር። ወቅቱ የመኪና ታሪፍ ወሬ የበዛበት ነው። ከውጭ በሚገቡ መኪኖች ላይ 25 በመቶ ታሪፍ የተጣለው ሚያዝያ 3 ቀን 2025 ነው። ሻጩ "ዛሬ ካልፈረሙ በሚቀጥለው ሳምንት ዋጋው ሌላ ነው" አላቸው። ባልየው የመስኮቱን ወረቀት በስልኩ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ታች ጥግ ላይ መኪናዋ የተገጣጠመችበት ቦታ ተጽፏል፦ ሀንትስቪል፣ አላባማ። እርግጥ ነው፣ እዚህ የምትገጣጠም መኪናም ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ስላላት ታሪፉ ጨርሶ አይነካትም ማለት አይደለም። "በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰማይ ይደፋል" የሚለው ግን ለዚች መኪና አልነበረም።

ሒሳቡ ሲፈታ

የ537ቱን ወረቀት ከታች ወደ ላይ ፈታሁት።

የፋብሪካው ዋጋ ማጓጓዣውን ጨምሮ 28,400 ዶላር ነው። ይህ ቁጥር መስኮቱ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ያንን ወረቀት ከ1958 ጀምሮ የፌዴራል ሕግ ያስገድዳል። ከጎኑ የተለጠፈችው ሌላዋ ወረቀት ግን የዲለሩ ናት። እሷ ላይ 1,995 ዶላር "የጥበቃ ጥቅል" ተብሎ ተጨምሯል። በውስጡ ያለው የቀለም መከላከያ፣ መስታወት ላይ የሚቀረጽ የመኪና መለያ ቁጥር፣ የበር ጠርዝ ፕላስቲክ እና ጎማ ውስጥ የሚሞላ ናይትሮጅን ነው። በነጻ የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን መሆኑን ልብ በሉ።

የዲለሩ የወረቀት ሥራ ክፍያ 899 ዶላር። ሜሪላንድ ለዚህ ክፍያ ጣሪያ አላት፤ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ 800 ዶላር ነው። ቨርጂኒያ ጣሪያ የላትም።

ከዚያ የግዛቱ የመኪና ሽያጭ ታክስ ይመጣል፦ 4.15 በመቶ። ቨርጂኒያ ይህን የምታስበው ከመኪናዋ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የወረቀት ሥራ ክፍያውም ይገባበታል። ወረቀቱ ላይ ጥቅሉም አብሮ ታክስ ተጥሎበታል። 1,299 ዶላር ሆነ። ታርጋና ባለቤትነት 100 ዶላር ገደማ። እዚህ ላይ 32,693 ደረስን።

ቀጥሎ በፋይናንስ ክፍል ሁለት ነገር ተጨምሯል። የተራዘመ ዋስትና 2,800 ዶላር። ጋፕ የሚባለው፣ ዕዳው ከመኪናዋ ግምት ሲበልጥ ልዩነቱን የሚከፍለው ኢንሹራንስ 895 ዶላር። ባልየው ስለ ሁለቱም የተነገረው "በወር ጥቂት ብር ነው" ተብሎ ነው። ጠቅላላው 36,388 ሆነ።

ከዚህ ላይ የእቁቡ 3,000 እና ለኮሮላው የሰጧቸው 3,500 ተቀነሰ። የቀረው 29,888 ዶላር በ8.9 በመቶ ወለድ ለ72 ወር ተበደረ። በወር 537። 537 በ72 ሲባዛ 38,664 ነው። 8,800 ዶላር አካባቢው ወለድ ብቻ ነው። ቅድሚያ ክፍያውንና ኮሮላውን ስንጨምር የ28,400 ዶላሯ መኪና 45,164 ገባች።

ይህን ለሚስትየው በስልክ ሳነብላት ለአፍታ ዝም አለችና "ታዲያ አንዲት መኪና ነው ወይስ አንድ ከግማሽ?" አለች።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ ከዲለሩ ተወጣ። ባልየው ተቀማጭ 500 ዶላር አስይዞ ነበር፤ በክሬዲት ካርድ ስለነበርና ምንም ስላልፈረመ ተመለሰለት። ቢፈርም ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። "በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል" የሚባለው ወሬ በእኛ ሰው ዘንድ በጣም የተስፋፋ ነው። ዲለር ቢሮ ተቀምጠው ለፈረሙት የመኪና ውል እንዲህ ያለ መብት የለም።

ከዚያ ብድሩ ቀደመ። የሚስትየው መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ክሬዲት ዩኒየን (የአባላት የቁጠባና ብድር ማኅበር) ለ60 ወር በ6.5 በመቶ ፈቀደላቸው። ባልየው ብዙ ቦታ ማመልከት የክሬዲት ነጥባችንን ይጥለዋል ብሎ ፈርቶ ነበር። ለመኪና ብድር በአጭር ጊዜ ውስጥ የሚደረጉ ጥያቄዎች ግን የነጥብ ስሌቱ ላይ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ማለቅ ነው ያለበት። ዲለሮች ባንኩ ከሚሰጣቸው ወለድ ላይ የራሳቸውን መጨመር ይችላሉ። በእጅህ የተፈቀደ ብድር ከሌለ ያ ጭማሪ ስንት እንደሆነ የምታውቅበት መንገድ የለም።

ኮሮላው ለብቻው ተሸጠ። ያገለገሉ መኪኖችን በቀጥታ የሚገዛ አንድ ድርጅት 5,200 ዶላር ሰጣቸው፤ ዲለሩ 3,500 ካለው መኪና። በብዙ ግዛቶች አሮጌውን ለዲለሩ መስጠት ታክስ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ታክሱ በልዩነቱ ላይ ብቻ ነው። ቨርጂኒያ ግን ታክሱን በሙሉው ዋጋ ላይ ነው የምትጥለው። ስለዚህ ለብቻው በመሸጥ የሚታጣ የታክስ ጥቅም የለም። ይህን ነጥብ እዚህ ለዓመታት የኖሩ ሰዎች እንኳ ሲስቱት አያለሁ።

ከዚያ ለበርካታ ዲለሮች አንድ አጭር ኢሜይል ተላከ። "ይህን ሞዴል፣ ይህን ደረጃ እንገዛለን። ብድር አለን። የምንሰጣችሁ አሮጌ መኪና የለም። ታክስ፣ ታርጋና ማንኛውም ክፍያ ተጨምሮ መኪናዋን ይዘን የምንወጣበትን ጠቅላላ ዋጋ በዝርዝር ላኩልን።" በቃ። ስለ ወር ክፍያ አንድም ቃል የለበትም።

በመጨረሻ የተገዛችው በ27,700 ዶላር ነው። የወረቀት ሥራ 799፣ ቀድሞ የተገጠመ የጎማ ቁልፍና የበር ጠርዝ 300፣ ታክስ 1,195፣ ታርጋ 100 ገደማ። ጠቅላላ 30,094። ከእቁቡና ከኮሮላው 8,200 ተከፍሎ የተበደሩት 21,894 ነው። በወር 428 ዶላር ለ60 ወር። ወለዱ 3,800 አካባቢ ነው።

በመጀመሪያው ወረቀት ቢሄዱ ኮሮላውን ሰጥተው ከኪሳቸው 41,664 ዶላር ይወጣ ነበር። አሁን የሚወጣው 28,700 ገደማ ነው። ልዩነቱ 13,000 ዶላር ያህል ነው። እውነት ለመናገር ከዚህ ውስጥ 3,695ቱና ወለዱ የዋስትናውና የጋፑ ነው፤ እነሱን የፈለገ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ጣለ አይባልም። ለዚህ ቤተሰብ ግን አላስፈለጉም። ፋብሪካው ራሱ ለ3 ዓመት ወይም 36 ሺህ ማይል አጠቃላይ፣ ለሞተርና ካምቢዮ ደግሞ ለ5 ዓመት ወይም 60 ሺህ ማይል ዋስትና ይሰጣል። ጋፕ የሚጠቅመው መኪናው ከጥቅም ውጪ ቢሆን ኢንሹራንስ ከሚከፍለው ይልቅ ዕዳው ሲበልጥ ነው። ከ30 ሺህ ውስጥ 8,200 ቀድሞ ለከፈለ ሰው ያ አደጋ ትንሽ ነው።

ያልሠራው

ሁሉም ነገር አልተሳካም። ከተላኩት ኢሜይሎች ለብዙዎቹ የመጣው መልስ "መቼ ነው የምትመጡት?" የሚል ነበር። አንድ ዲለር ጥሩ ዋጋ በጽሑፍ ልኮ፣ ሲደርሱ "ያችኛዋ ትናንት ተሸጠች፣ ይቺኛዋ ግን ጥቅል አላት" አላቸው። ተነስተው ወጡ። ልጆቹን ለጎረቤት ትተው፣ ሚስትየውም ፈረቃዋን አስቀይራ የሄዱበት ቀን ስለነበር በጣም ተናደዱ።

የወረቀት ሥራ ክፍያውን የሚነካ አልተገኘም። "ለሁሉም አንድ ነው" ይላሉ፣ እውነትም ነው። የሚሻለው መኪናዋ ላይ በዚያው ልክ እንዲቀነስ መጠየቅ ነው። 300 ዶላሩም ቀረ፤ ዕቃው ተገጥሟል ተባለ፣ 600 የነበረው በግማሽ ወርዶ። የፈለጉት ግራጫ ቀለምም አልተገኘም። ነጭ ወሰዱ።

ከግዢው በኋላ

ትልቁ ድንጋጤ ኢንሹራንስ ነበር። ለአሮጌው ኮሮላ የሌላውን ሰው ጉዳት ብቻ የሚሸፍን ኢንሹራንስ በወር 92 ዶላር ይከፍሉ ነበር። ብድር ያለበት መኪና ግን ሙሉ ሽፋን የግድ ነው፤ አበዳሪው ያስገድዳል። ነባሩ ኩባንያቸው 228 አላቸው። ሌሎች ተጠይቀው፣ ተቀናሹ (አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ ከራሳቸው ኪስ የሚከፍሉት) ከ500 ወደ 1,000 ዶላር ከፍ ተደርጎ 187 ላይ ቆመ። ከ187 በታች ማውረድ አልተቻለም።

ሁለተኛው የካውንቲው የንብረት ታክስ ነው። ከሌላ ግዛት ለመጣ ሰው ይህ ለማመን ይከብዳል፤ ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና በያዝክ ቁጥር በየዓመቱ ለካውንቲው ትከፍላለህ። የፌርፋክስ የ2024 ተመን በየ100 ዶላር ግምት 4.13 ዶላር ነበር። ከመጀመሪያው 20 ሺህ ዶላር ግምት ላይ የግዛቱ ድጎማ የተወሰነውን ይቀንሳል። መኪናዋ 26 ሺህ ብትገመት ለሙሉ ዓመት 660 ዶላር አካባቢ ይመጣል ብለን ያዝን። አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ ተመናቸው ከዚህም ከፍ ያለ ነው። ሂሳቡ የሚላከው በመከር ነው፤ ብዙ ሰው ፖስታውን የሚከፍተው ለልጆች ትምህርት ቤት ወጪ ባወጣ ማግስት ነው።

ሌላም ትንሽ ነገር አለች። ቨርጂኒያ በጋሎን 25 ማይል እና ከዚያ በላይ የሚሄዱ መኪኖችን በየምዝገባው የመንገድ መጠቀሚያ ታስከፍላለች፣ ብዙ ነዳጅ ስለማይገዙ ማለት ነው። ኮሮላ ክሮስ እዚያ ውስጥ ትገባለች። ብሩ ብዙ አይደለም፤ ነዳጅ ቆጣቢ ገዝቶ ቅጣት መክፈል ግን ያስቃል።

ነዳጅ በወር 100 ዶላር ያህል ነው። ለጎማ፣ ለዓመታዊ ምርመራና ለጥገና 40 ዶላር ያዝን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት መደበኛ ሰርቪስ ከፋብሪካው በነጻ ስለሆነ ያ ገንዘብ ለጎማ ይጠራቀማል። ሲደመር ብድሩ 428፣ ኢንሹራንሱ 187፣ ነዳጁ 100፣ የንብረት ታክሱ 55 እና ጥገናው 40፣ ጠቅላላ 810 ዶላር በወር ነው። ከያዙት 750 አሁንም በ60 ዶላር ይበልጣል። ያንን ሚስትየው በወር አንድ ተጨማሪ ፈረቃ በመግባት ነው የምትሸፍነው። በመጀመሪያው ወረቀትና በመጀመሪያው የኢንሹራንስ ዋጋ ቢሆን 960 ነበር የሚሆነው።

የዋጋ መውረድ በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም፤ ማንም ቢል ልኮ አይጠይቅበትምና። የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ማኅበር የሆነው ትሪፕል ኤ በ2024 ባወጣው ስሌት አዲስ መኪና መያዝና መንዳት በአማካይ በዓመት 12,297 ዶላር ያስወጣል። ከዚያ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የዋጋ መውረድ ነው። ትንሽ ክሮስኦቨር ከአማካዩ ትረክሳለች። ቢሆንም በሁለተኛው ዓመት ለመሸጥ ያሰበ ሰው ከሁሉም የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ለሌላ ገዢ የሚሆነው

ከዚህ ጉዳይ ብዙ ገንዘብ ያዳነው ክርክር አይደለም። ከዋጋው ላይ የተቀነሰው 700 ዶላር ብቻ ነው። ትልቁን ሥራ የሠራው አራቱን ሳጥኖች መለያየቱ ነው፦ ብድሩ አንድ ቦታ፣ አሮጌው መኪና ሌላ ቦታ፣ አዲሷ ሌላ ቦታ። ሦስቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡ የሒሳብ መምህር እንኳ ይምታታበታል።

ኢንሹራንስ የሚጠየቀው መኪናዋ ከመመረጧ በፊት ነው። ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ መኪኖች በኢንሹራንስ በወር 30 እና 40 ዶላር ሊለያዩ ይችላሉ። የሻጩ የዋጋ ቅናሽ በሁለት ዓመት ውስጥ እዚያ ያልቃል።

በ2025 የወጣው የታክስ ሕግ ለአዲስ መኪና ብድር ወለድ ተቀናሽ መፍቀዱን ብዙዎች ሰምተው "ወለዱ ይመለሳል" ይላሉ። አይመለስም። እስከ 10 ሺህ ዶላር የሚደርስ የዓመት ወለድ ታክስ ከሚጣልበት ገቢ ላይ ይቀነሳል። መኪናዋ አሜሪካ ውስጥ የተገጣጠመች፣ ብድሩም ከ2024 መጨረሻ በኋላ የተወሰደ መሆን አለበት፤ የገቢ ጣሪያም አለው። ይህ ቤተሰብ በመጀመሪያው ሙሉ ዓመት የሚከፍለው ወለድ 1,300 አካባቢ ነው። በ12 በመቶ የታክስ ደረጃ 156 ዶላር ይተርፋቸዋል። ጥሩ ነው፣ አንድ ወር ነዳጅና ትንሽ ትርፍ። ለዚህ ብሎ ግን ብድር አይረዝምም።

አስቀድማችሁ የፈረማችሁም ብትሆኑ ሁሉም በር አልተዘጋም። የተራዘመ ዋስትናና ጋፕ በአብዛኛው ሊሰረዙ የሚችሉ ውሎች ናቸው፤ ቶሎ በተሰረዙ ቁጥር የሚመለሰው ይበልጣል። ገንዘቡ የሚሄደው ለእናንተ ሳይሆን ለአበዳሪው ነው። የወር ክፍያው አይቀንስም፣ ዕዳው ግን ቀድሞ ያልቃል። ውሉ ጀርባ ላይ ስለ ስረዛ የሚናገረውን አንቀጽ ፈልጉና ጥያቄያችሁን በጽሑፍ ላኩ። በስልክ "እሺ፣ እናየዋለን" ከተባለ ወር ያልፋል።